አንቀጽ አምስት

ጸሐፊ ነኝ እኔ፣ የጫኝ አውራጅ ማኅበር፤
ቃሊቲ ከኬላው ዝቅ ብሎ፣ ከሲሚንቶው መጋዘን በር።
ወገቤ ሲከዳኝ፣
ሊቀመንበር ሸምሱ ከኩንታል አፋቶ ለብዕር ዳረኝ።

ደንቡ የእጄ ጽሑፍ ነው።
ጻፍኩት ስል ግን… ቀዳሁት፤
ወረዳ ከሰጠን ናሙና፣ ቃል ሳልቀንስ ገለበጥኩት፤
ነጠብጣብ ባለበት ሁሉ ስማችንን ጨመርኩበት፤
አንቀጽ ሠላሳ ሁለት ስደርስ የዛለ ጣቴን አሸሁት።

አምስተኛው እንዲህ ይላል፦
«አባል ለመሆን በሚቀርብ ጥያቄ፣
በጾታ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳት፣ በትውልድ
ማንም ከማንም አይለይም።»
ጉባኤው በሙሉ ድምፅ፣ እጁን ከጣራ አወጣ፤
(ሚሪንዳ ነበር በኋላ፤ ግማሹ ለሱ ነው የመጣ።)

ሰባት ዓመት ሙሉ ደንቡ ፌስታል ለብሶ ኖረ፤
ከአይጥ በቀር ገላጭ ሳያይ ከሣጥን ሥር አደረ።

ግንቦት ላይ፣ ማክሰኞ፣ አንድ ሴት ከመዝገቡ ፊት ቆመች፤
ነጠላ ጫማዋን በሲባጎ ከቁርጭምጭሚቷ አስራለች።
«ስም?» አልኩኝ ሳላያት።
«ዳመነች።»
ቀና ብዬ ያየሁት ሰማዩን ነው፣ እሷን አይደለም፤
ሲሚንቶ ደጅ ለደረደረ፣ ከደመና ጋር ቀልድ የለም።
«ስሜ ነው» አለች። «ዳመነች ጎዳና።»
ሣቋን ዋጠችው፤ እኔም አንገቴን መለስኩ ከደመና።

ሸምሱ ከበርሜሉ ተነሣ፦ «እህቴ፣ አንዱ ከረጢት ሃምሳ ኪሎ ነው፤
ወንዱን ራሱ፣ ይኸው ጸሐፊያችንን፣ እንዲህ አድርጎ ያጎበጠው።»
ሌላው፦ «ሚስቴ ምን ትለኛለች?»
ሌላው፦ «ልብስ የት ልትቀይር ነው?»
ድንበሩ ደግሞ ድምፁን ዝቅ፣ ግን ለሁሉም እንዲሰማ፦
«የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት አሉ። በአንድ ጣሳ ልንጠጣ?»
ሰው ሁሉ ጫማውን አየ።
እኔም ጫማዬን አየሁ፤ የሚታይ ነገር አልነበረውም።

እሷ አልተቆጣችም፣ አልለመነችም፤
«ደንብ አላችሁ?» አለች እንጂ፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።
ፌስታሉን ፈታሁ። አቧራው አስነጠሰኝ።
የማታ ተማሪ ናት፤ በጣቷ እየተከተለች፣
አንዳንዱን ፊደል እንደ ከረጢት እያነሣች እያሳረፈች፣
«በ… ጾ… ታ» ብላ ጀመረች።
«በትውልድ» ላይ ስትደርስ፣
ጣቷን ሳታነሣ፣ ድንበሩን ቀና ብላ አየች።

«ማነው ይህን የጻፈው?» አለ ሸምሱ፣ ወደኔ ዞሮ።
«ወረዳው ነው» የሚል መልስ ምላሴ ላይ ነበር ተሰድሮ፤
ከየት እንደመጣ እንጃ፣
«እኔ ነኝ» አልኩ።
ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ያን ማክሰኞ ነው ደንቡን የጻፍኩ።

ተራ ቁጥር አርባ አንድ። ፈረመች።
ያኮረፈ አኮረፈ። ሸምሱ ግን ሲመሽ፣ እኔና እሱ ብቻ ስንቀር፣
«እኔንም መርካቶ ሁለት ዓመት አቁመውኛል» አለ፤
«‹የማን ዘር ነህ?› እያሉ፣ ከበር።»

እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር። ግን
ደንብ መዝገብ ይከፍታል እንጂ ከረጢት አያሸክምም፤
ያ ደግሞ፣ ሁለት ሰው ካላነሣው፣ ከሦስተኛው ጀርባ አይወጣም።
ረቡዕ ጎንበስ ብላ ጠበቀች። የሚያነሣ ጠፋ።
ሐሙስ ጎንበስ ብላ ጠበቀች።
ለዚህ የሚሆን አንቀጽ ፈለግሁ፤ እስከ ሠላሳ ሁለት። የለም።

ዓርብ ጉርሜሳ አንዱን ጫፍ ያዘ፤ አንድ ቃል አልተናገረም።
ሌላውን ጫፍ እኔ። ወገቤ ጮኸ፤ አልሰማሁትም።
ጭነቱ ከጀርባዋ ሲያርፍ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣
ሳንቃውን ረገጥ ረገጥ እያደረገች፣ ወጣች ወደ መኪናው ገባ።

ድንበሩ ዛሬም ከሷ ጣሳ አይጠጣም።
ሾፌሮቹም «ወንድ የለም እንዴ?» ማለት አልተዉም።
ሐምሌ ላይ ግን፣ ከአቃቂ ማዶ ሰማይዋ ስትጠቁር፣
አንዱ ከጭነቱ አናት «ኧረ ዳመነች!» ብሎ ሲጮኽ፣
ሰማይዋን ይሁን እሷን፣ የትኛዋን እንደጠራ አይለይም፤
ብቻ ሸራውን ይዘን እንሮጣለን፣ አንዱ ጫፍ በእጇ ነው፤
ሲሚንቶው አይረጥብም።